ታፔላ ጭጋግ አያይም

ጣርማ በርን በክረምት ያለፈ ሰው ጭጋጉን ያውቀዋል። ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራቱ ብቻ ይታያል፤ አንዳንዴ እሱም የለም። አንድ ሐምሌ ወደ ደሴ ስንሄድ የሚኒባሳችን ሾፌር እዚያ ቁልቁለት ላይ እንደ በጋ ሜዳ ይነዳ ጀመር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ቢጨንቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ መንገዱ ሳይታይህ ወዴት ነው የምትሮጠው?» አሉት። «እማማ፣ ከተፈቀደው አላለፍኩም እኮ!» አላቸው።

እውነቱን ነው፤ አላለፈም። ግን ይቺ መልስ አዲስ አይደለችም። ከመኪና ጋር አብራ የተወለደች ናት። ታሪኩ የእንግሊዝ ነውና ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንቁጠር።

በ1865 የወጣው ሕግ በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ ከከተማ ውጭ በሰዓት ከ4 ማይል፣ ከተማ ውስጥ ከ2 ማይል በላይ እንዳይሄድ ከለከለ። ከፊቱም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲቀድም አዘዘ። በጥር 1896 ዋልተር አርኖልድ የሚባል ሰው ኬንት ውስጥ በ8 ማይል «ሲበር» ፖሊስ በብስክሌት አሳዶ ያዘው፤ ለፍጥነቱ 1 ሽልንግ ተቀጣ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች ሴት ለንደን፣ ክሪስታል ፓላስ ግቢ ውስጥ መኪና ገጭቶ ገደላት። በእንግሊዝ በቤንዚን መኪና ተገጭቶ የሞተ የመጀመሪያው እግረኛ እሷ ናት። ሾፌሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? ከ4 ማይል አላለፍኩም አለ። ይኸው፣ የኛ ሾፌር መልስ!

ቁጥሩ ከፍ እያለ ሄደ። በ1896 መጨረሻ 14 ማይል፣ በ1903 ደግሞ 20 ማይል ሆነ። የ1903ቱ ሕግ ግን በቁጥር ብቻ አላቆመም። የመንገዱ ዓይነት፣ ያለበት ሁኔታና አገልግሎቱ፣ በዚያ ሰዓት ያለው ወይም ሊኖር ይችላል ተብሎ የሚጠበቀው እንቅስቃሴ ሁሉ ታይቶ፣ ለሕዝብ አደገኛ በሆነ ፍጥነት የነዳ ጥፋተኛ ነው አለ። ቁጥሩ ጣሪያ ነው እንጂ መብት አይደለም ማለት ነው። «ሊኖር ይችላል» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ከጥምዙ ወዲያ በግ የሚነዳው ልጅ ባይታይም፣ በሕጉ ፊት መንገዱ ላይ ነው።

ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ በ1907 ጉዞ ሲጀምር ይህ ሕግ 4 ዓመት ሞልቶት ነበር። መኪና እኛ ዘንድ ሲደርስ ክርክሩ በአገሩ አልቋል ማለት ይቻላል። ዛሬ የኛም የትራፊክ ደንብ ሾፌሩ እንደ መንገዱና እንደ አየሩ ሁኔታ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያዛል።

መቼስ ቁጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንግሊዞች በ1930 ለትናንሽ መኪኖች የፍጥነት ወሰኑን አንስተውት ነበር። በ1934 ብቻ 7,343 ሰው መንገድ ላይ አለቀባቸው። በ1935 ለከተማ 30 ማይል ብለው መለሱት። ቁጥሩ ሲነሳም ሲመለስም ግን አደገኛ አነዳድን የሚከለክለው ሕግ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። ጭጋግ ውስጥ 20 ሜትር ብቻ የሚያይ ሾፌር እግሩ ፍሬኑ ላይ ሳያርፍ ያያትን መንገድ ጨርሷታል።

እኚያ እናት ይህን ሁሉ ሕግ አላነበቡም። ግን ዝም አላሉም። «ታፔላውን የተከሉት በጋ ነው፤ አሁን ክረምት ነው» አሉት። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ሾፌሩም ሳቀና ማርሽ ቀነሰ። ደብረ ሲና ዘግይተን፣ ግን ሁላችንም ገባን።