«ፔንጉዊን» የሚለው ስም ታሪክና የአልካ ወገኖች አሰያየም

«ፔንጉዊን» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው በደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚኖረውን፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ጥቁርና ነጭ ወፍ ይዞ ነው። ይሁን እንጂ የስሙ የመጀመሪያ ባለቤት ሌላ ወፍ እንደ ነበረ የቃሉ ታሪክ ያስረዳል።

ይኸውም በሰሜን አትላንቲክ ደሴቶች ይራባ የነበረው፣ መብረር የማይችለው ታላቁ አልካ ነው። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 5 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥል ስለ ነበረ፣ መርከበኞች ለሥጋው፣ ለስቡና ለላባው ሲሉ በገፍ በፈጁት ጊዜ ዘሩን መተካት አልቻለም። የመጨረሻዎቹ የታወቁ ጥንዶች በአይስላንድ አጠገብ ባለችው በኤልዴይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1844 ተገደሉ፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር 1836 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ይገዙ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው።

በ16ኛው ምእተ ዓመት እንግሊዛውያን መርከበኞች «ፔንጉዊን» ይሉ የነበረው ይህንኑ ወፍ ነው። ወደ ደቡብ ባሕሮች የዘለቁት መርከበኞች ግን መልኩ የሚመሳሰል ሌላ ወፍ አግኝተው በዚያው ስም ጠሩት። የሁለቱ መመሳሰል ከአኗኗር የመጣ እንጂ የዝምድና አይደለም። የታላቁ አልካ የቅርብ ዘመድ ዛሬም በሰሜን አትላንቲክ የሚበረው፣ መንቁሩ ጠፍጣፋ የሆነው ትንሹ አልካ ሲሆን፣ ፓፊንም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ተርጓሚን የሚያሰናክለው ነገር እዚህ ላይ ነው። በፈረንሳይኛ፣ በእንስሳት ሊቃውንት አጠራር፣ «ፓንግዋን» ዛሬም የአልካ ወገን ስም ነው፤ የደቡቡ ወፍ «ማንሾ» ይባላል። ድምፁን ብቻ ተከትሎ «ፔንጉዊን» ብሎ የሚተረጉም ሰው የሰሜኑን ወፍ ወደ ደቡብ ዋልታ ይወስደዋል።

ለአማርኛስ የትኛው ይሻላል? የእንግሊዝኛው «ኦክ» ከዛፉ ስም ጋር ይጋጫል። «ክንፍ አልባ» የሚለው ደግሞ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከሰጠው ስም ጋር ቢቀራረብም ያሳስታል፤ ወፉ በክንፎቹ ይዋኝ ነበርና። ሰጎንም አትበርም፤ ክንፍ የላትም የሚል ግን የለም። ስለዚህ ከስካንዲናቪያ ቋንቋዎች ወደ ሳይንሳዊው አጠራር የገባው «አልካ» ይመረጣል፤ «ታላቁ አልካ»፣ «የአልካ ቤተሰብ» እያሉ ለማርባትም ይመቻል።

ከዚህ ወፍ በዓለም ቤተ መዘክሮች የቀሩት ወደ 80 የሚጠጉ ቆዳዎችና 75 ያህል እንቁላሎች፣ በርካታ አጥንቶችም ናቸው። የቀድሞ ስሙን ሌላ ወስዶበታል፤ በአማርኛ የራሱን ስም መስጠት የእኛ ፋንታ ነው።