ፖርቱጋሎች በእኛና በሞምባሳ ታሪክ
(ፎርት ጂሰስን ለሚጎበኙ ቤተሰቦች)

በኬንያ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆቻችን ፖርቱጋሎችን ከሁለት ወገን ይሰማሉ። አንደኛው ከቤት ነው። የአገራችንን ታሪክ ስናወጋቸው፣ በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ባለጠመንጃ ወታደር ይዞ በምጽዋ እንደ ገባ፣ ከዐፄ ገላውዴዎስ ወገን ሆኖ ከኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር ጋር እንደ ተዋጋ፣ በማግስቱ ዓመትም ተማርኮ እንደ ተገደለ እንነግራቸዋለን። (ይህም ቢሆን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ታሪክ አይደለም፤ ከመካከላችን ሌላውን ገጽ ከአያቶቹ የሰማ አለ።) ሁለተኛው ከክፍል ነው። እዚያ ፖርቱጋል ማለት በ1505 ሞምባሳን ዘርፎ ያቃጠለ፣ በ1528 ተመልሶ የመጣ ኃይል ነው። የክሪስቶቮ አባት ደግሞ በ1498 በሞምባሳ በኩል አልፎ ማሊንዲ የደረሰው ቫስኮ ዳ ጋማ ራሱ ነው። ታዲያ ልጁ «ወዳጆች ናቸው ወይስ ጠላቶች?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከፎርት ጂሰስ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምሽጉ የተሠራው ከ1593 እስከ 1596 ሲሆን ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ድንጋዩ ከዚያው ከጠረፉ የተፈለጠ የኮራል ድንጋይ ነው። ዋና ከተማቸው ህንድ ውስጥ ጎዋ ላይ ለነበረው ለፖርቱጋሎች፣ ሞምባሳ የግዛታቸው ዳርቻ ነበረች። የኦቶማን ቱርክ መርከቦች በ1580ዎቹ እዚህ ድረስ መጥተው ስለ ነበር ወደቡን በመድፍ መዝጋት አስፈለጋቸው።

ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ፍራንሲስኮ ደ ሰይሻስ ደ ካብሬራ የተባለው አዛዥ በ1630ዎቹ ያስቀረጸው ነው። በሃያ ሰባት ዓመቱ አዛዥ እንደ ሆነ፣ ምሽጉን እንደገና እንዳሠራ፣ በጠረፉ ያመፁትን ከተሞች እንደ ቀጣና እንዳስገበረ ይዘረዝራል። ጉራው ለጉድ ነው! ግን «እንደገና አሠራሁ» የሚያሰኘው ምን ደርሶ ነው? ያንን የሚያስረዳው የሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን ታሪክ ነው።

የዩሱፍ አባት የሞምባሳ ሱልጣን ሳለ ከፖርቱጋሎች ጋር ተጣልቶ በ1614 ተገደለ። ልጁ ገና ሕፃን ነበር። ወደ ጎዋ ወስደው በአውግስጢኖሳውያን መነኮሳት እጅ አሳደጉት፤ ተጠምቆም ዶም ጀሮኒሞ ተባለ። ጎልምሶ በ1626 የአባቱን ዙፋን ሰጥተው መለሱት። ነሐሴ 16 ቀን 1631 ዩሱፍ ሰዎቹን ይዞ ምሽጉ ውስጥ ገባና አዛዡን በገዛ እጁ ገደለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በከተማው የነበሩት ፖርቱጋሎች ብቻ ሳይሆኑ ክርስትናን የተቀበሉ አፍሪካውያንም ተገደሉ። ስለዚህ ዩሱፍን ጀግና ብቻ አድርጎ መተረክም አያስኬድም። ከጎዋ የተላከው ጦር ምሽጉን ማስለቀቅ ቢያቅተውም፣ ዩሱፍ በ1632 ራሱ ትቶት ወደ ባሕር ወጣ፤ ፖርቱጋሎቹም በዚያው ዓመት ተመልሰው ገቡ።

በዚያ ወቅት በእኛ አገር ምን ይሆን ነበር? ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀብለው፣ ያ ያመጣው ደም መፋሰስ አድክሟቸው በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። ሁለቱ ቤተ መንግሥቶች ተማክረው ያደረጉት አይደለም። መነሻው ግን አንድ ነው፤ ለዩሱፍም ለሱስንዮስም አስተማሪ ይላክ የነበረው ከዚያችው ከጎዋ ነው። እንዲያውም ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለው ኢየሱሳዊ በ1624 በዚሁ ጠረፍ ፓቴ ድረስ መጥቶ፣ በጁባ ወንዝ በኩል ኢትዮጵያ የሚያስገባ መንገድ ፈልጎ አጥቷል። በማግስቱ ዓመት የገባው በአፋር ጠረፍ በኩል ነው። በረዳትነት የገባ ወዳጅ «እምነትህን ካልለወጥህ» ሲል ምን እንደሚመጣ የኛም የሞምባሳም ሰው በአንድ ዘመን አየው።

ምሽጉን በኋላ ከፖርቱጋሎች የወሰዱት ኦማኖች ናቸው። ከበባው መጋቢት 1696 ጀምሮ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ቆየ። ሊረዳ ከመጣው መርከብ አንዱ፣ «ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና»፣ በ1697 እዚያው ምሽጉ ፊት ሰጠመ፤ ከባሕር የወጣው ዕቃ ዛሬ በሙዚየሙ ይታያል። እኔን የሚደንቀኝ የዚያው ዓመት ክረምት ነው። ወረርሽኝ ገብቶ የፖርቱጋሎቹን ጦር ጨረሰው። ምሽጉን ይዞ የቆየው የፋዛው ሼክ ዳውድ ነው፤ ከእሱ ጋር የነበሩት አሥራ ሰባት ዘመዶቹ፣ ስምንት አፍሪካውያን ወንዶችና ሃምሳ አፍሪካውያን ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ለሳምንታት የፖርቱጋል ባንዲራ የተውለበለበው በአንድ የሙስሊም ሼክና በሃምሳ ሴቶች ጥበቃ ነው። በመስከረም ረዳት ደረሰላቸው፤ ምሽጉ ግን ታኅሣሥ 1698 ወደቀ። የመጨረሻው ረዳት መርከብ የደረሰው ከሳምንት በኋላ ነው።

ለብዙ ዓመታት ማታ ማታ ለጎብኚ ይቀርብ በነበረው የድምፅና የብርሃን ትርኢት የጥንት ልብስ የለበሱ ዘበኞች ችቦ ይዘው በበሩ ይቀበሉ ነበር። ልጆች ይወዱት ነበር። ሆኖም ችቦ የያዘ ዘበኛ ብዙውን ጊዜ የአዛዦችን ታሪክ ነው የሚያስታውሰን። ውኃ የቀዳውን፣ በሽተኛ ያስታመመውን፣ ግንብ ላይ ያደረውን ሰው ልብስ አልብሶ ማቆም ብዙውን ጊዜ የትርኢት ሐሳብ አይሆንም።

ግንቡም ራሱ የተደራረበ ነው። እንግሊዞች ከ1895 እስከ 1958 እስር ቤት አድርገውት ነበር። እስር ቤቱ ከተነሣ በኋላ ጄምስ ኪርክማን ቁፋሮውን መርቶ፣ ሊዝበን ያለው የጉልቤንኪያን ድርጅት ገንዘብ ሰጥቶ ታደሰ፤ በ2011ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። የፖርቱጋል ግንብ፣ የኦማን ቤት፣ የእንግሊዝ ጊዜ አሻራና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥገና በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ እየለዩ መሄድ ለትልልቆቹ ልጆች ጥሩ ሥራ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ጠዋት ብትሄዱ ፀሐዩ ይሻላል። አስጎብኚው ስለ ሼክ ዳውድ ሳያነሣ ካለፈ ጠይቁት፤ የሃምሳዎቹንም ሴቶች ነገር እንዲሁ።