ከጠርሙስ እስከ ጥይት ሣጥን

በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን አውራጃ፣ ዳርትሙር የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። ዝናብና ጉም የማይለየው፣ ሲረግጡት ውኃ የሚተፋ ረግረጋማ ምድር ነው። ከመካከሉ ክራንሚር ፑል የሚሉት ስፍራ ይገኛል፤ ስሙ ኩሬ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ጭቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 የቻግፈርድ ሰው የሆነው መንገድ መሪ ጄምስ ፔሮት እዚህ ስፍራ ድንጋይ ከምሮ አንድ ጠርሙስ አስቀመጠ። ያን ሁሉ ረግረግ አቋርጦ የደረሰ መንገደኛ የስሙን ካርድ ከጠርሙሱ ከትቶ ይመለሳል። «እኔም እዚህ ደርሻለሁ» ለማለት ነው።

ጠርሙስ ለዚያ ምድር የሚስማማ ዕቃ ነበር። መስታወት አይዝግም፤ አይበሰብስም። ውኃ የሚገባበትም በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አፉ። ይሁን እንጂ ካርድ እንጂ መዝገብ አይችልም። ጎብኚው እየበዛ ሲሄድ በ1905 የፊርማ መዝገብ ተቀመጠ፤ በ1937 ደግሞ ቋሚ የድንጋይ ማኖሪያ ተሠራ። እንዲህ እንዲህ እያለ በዳርትሙር ሣጥን መደበቅና መፈለግ የብዙ ሰዎች መዝናኛ ሆነ።

ይኸው ልማድ በአዲስ መልክ ብቅ ያለው በአሜሪካ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ (ጂፒኤስ) ላይ ሆን ብሎ ያኖረውን ማዛቢያ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2000 አነሣ። እስከ 100 ሜትር ይስት የነበረው መሣሪያ በአንድ ሌሊት ቦታን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት የሚያሳይ ሆነ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ባልዲ በከፊል ቀብሮ የቦታውን ቁጥር ለሌሎች አሳወቀ። በባልዲው ውስጥ መዝገብ፣ እርሳስና የባቄላ ቆርቆሮ ሳይቀር ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማይክ ቲግ የተባለው ፈላጊ አገኘው። ጨዋታው ወር ሳይሞላው «ጂኦካሺንግ» የሚል ስም ወጣለት።

ሣጥኖቹ ቢበዙም የፔሮት ጠላት አልተለወጠም፤ ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ እያሳሳቀ ይወስዳል። በደንብ የተከደነ የሚመስለው ዕቃ ቀን በፀሐይ ሲሞቅ አየሩ ተለጥጦ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ወይም ዝናብ ሲመታው አየሩ ይኮማተርና በክዳኑ ጠርዝ የተኛችውን ጠብታ ወደ ውስጥ ይስባታል። በየቀኑ አንዲት ጠብታ ለመዝገቡ በቂ ሞት ናት።

ዕቃ የሚመረጠው እንግዲህ በክዳኑ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚመጣበት ትንሽ ፕላስቲክ ለመደበቅ የተመቸ በመሆኑ ብዙዎች ወደዱት፤ ሆኖም ክዳኑ ተጭኖ የሚገጥም ብቻ ስለሆነ ውጭ ሲከርም እርጥበት ያስገባል። ከእርሱ ይልቅ ለስላሳ መጠጥ የሚሞላበት ፕላስቲክ ጠርሙስ ከመነፋቱ በፊት ያለው ወፍራም ቱቦ ይሻላል፤ ክዳኑ በጥርስ ይጠብቃል። ተመራጩ ግን የወታደር ጥይት ሣጥን ነው። ብረቱ ወፍራም፣ ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ የተነጠፈበት፣ መቆለፊያውም ጎማውን አጥብቆ የሚጫን ነው። ጥይት እንዳይረጥብ የተሠራው ሣጥን የእግረኛ ስም መጠበቂያ ሆነ! በላዩ ያለው የወታደር ጽሑፍ ግን መሸፈን አለበት፤ አላፊ አግዳሚው ፈንጂ መስሎት እንዳይደነግጥ።

የቀረው ቀላል ጥንቃቄ ነው። መዝገቡን በላስቲክ ከረጢት መጠቅለል፣ በሚሟሟ ቀለም ፈንታ በእርሳስ መጻፍ፣ ሣጥኑንም ውኃ ከሚቆምበት ጉድጓድ ማራቅ። ከሁሉም በላይ ግን የአከዳደን ነገር አለ። ከጎማው ሥር የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የከረጢቱ ጫፍ ለውኃ መንገድ ትከፍታለች። ያኔ የሚጠፋው የቸኮለው ሰው ስም ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ተራራ ወጥተው፣ ረግረግ ተሻግረው የፈረሙት ሁሉ አብረው ይታጠባሉ። ሣጥን የትም ይገዛል፤ መዝገቡን የሚያቆየው ግን በመጨረሻ የከደነው እጅ ነው።