እንደ ኮሶ መረረኝ የምንል፣ ኮሶ ያልጠጣን

«ኑሮ እንደ ኮሶ መረረኝ» ያላለ ሰው አለ? እኔ ስንቴ እንዳልኩት ቁጥሩን አላውቀውም። ኮሶ ግን አንድም ቀን ጠጥቼ አላውቅም። እኩዮቼ ከሆናችሁ እናንተም አልጠጣችሁም፤ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝታችሁ በውኃ ውጣችሁ ተገላግላችኋል። ምሬቱን ከአያቶቻችን አፍ ወረስነው፤ ዕውቀቱ ግን አብሮ አልመጣም። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ስለቀረው ዕውቀት ነው።

አሰላን የሚያውቅ ሰው ጭላሎን ያውቃል። ከ4000 ሜትር በላይ የሚወጣው ይህ ተራራና ጎረቤቶቹ ጋለማና ካካ ለኮሶ ዛፍ የተመቹ ደጋዎች ናቸው። የአርሲ ኦሮሞ ዛፉን «ሄቶ» ይለዋል። ጥሬ ሥጋ በሚበላ ደጋ ውስጥ የኮሶ ትል የሁሉም ቤት እንግዳ ነበርና፣ ያገራችን ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። አበባው ደርቆ ይፈጫል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ከዚያ እስኪሽር ድረስ ምግብ የለም።

ይሄን ያየው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ዛፉን ገልጾ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። በዓመቱ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ስሙን ቀይሮ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» አለው፤ «ሃጌኒያ» የኮኒግስበርጉን መድኃኒት ቀማሚ ካርል ጎትፍሪድ ሃገንን ለማስታወስ ነው። እስከ ዛሬ የዓለም ሳይንስ የኛን ኮሶ የሚጠራው በዚህ ሰው ስም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ኮሶ የአውሮፓ ፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ የእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብም ተቀበለው።

ታዲያ እዚያ ምን ገጠመው? ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ መጋዘን ውስጥ ከርሞ የሚደርስ አበባ ኃይሉን ያጣል። ዛፉ ሴትና ወንድ አለው፤ መድኃኒት የሚባለው ቀላ የሚለው የሴቴው አበባ ሲሆን፣ የወንዴው ከተቀላቀለበት ዕቃው ይረክሳል። ስለዚህ አንዱ ጠጥቶ ሲድን ሌላው ምሬቱን ብቻ ይዞ ይቀራል። አውሮፓ አበባውን ገዛ፤ «የትኛው፣ መቼ የተለቀመ፣ ምን ያህል የቆየ» የሚለውን ጥያቄ ግን እንደገና ከአልፋ ጀምሮ መማር ነበረበት።

የባህል መድኃኒት ትምህርት ከጀማሪ ደረጃ የሚያልፈው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጀማሪው «ኮሶ ለትል ነው» ይላል፤ ይሄን ማንም ያውቃል። ቀጣዩ ሴቴውን ከወንዴው ይለያል። ከእሱ በላይ ያለው «ለማን አይሰጥም?» ብሎ ይጠይቃል። የኮሶ ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በኮሶ መመረዝ ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች ጽሑፍ ወጥቷል። እዚህ ላይ አያቶቻችንንም ቢሆን ዝም ብለን ማሞገስ የለብንም፤ በእፍኝ መለካት ድክመት ነበር። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ኮሶ ልትበጠብጡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ተዉት! ኪኒኑ ይሻላችኋል።

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የደብተራዎች የመድኃኒት መጻሕፍት በግዕዝና በአማርኛ ተጽፈው ቆይተዋል። ፖላንዳዊው ምሁር ስቴፋን ስትሬልሲን ዕድሜውን ሰጥቶ አጥንቷቸዋል። የአርሲ አዋቂ ግን የያዘው በቃል ነው። በቃል የተያዘ ነገር ደግሞ፣ ያውም በምሥጢር ለአንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ፣ ልጁ ከተማ ከገባ አለቀለት።

እርግጥ ብዙ ተሠርቷል። የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመሩት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ2009 ተጠናቋል፤ አርሲም በውስጡ ራሱን የቻለ ክልል ሆኖ ተቀምጧል። ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፍ ገጠር ወርደው የመድኃኒት ዕፅዋትን ይመዘግባሉ። ነገር ግን እኔ ያነበብኳቸው አብዛኞቹ የሚያልቁት በሰንጠረዥ ነው፦ የዕፁ ስም፣ ሥሩ ወይስ ቅጠሉ፣ ለምን በሽታ። ሰንጠረዡ ጥሩ ነው፤ ግን የጀማሪው ደረጃ ነው።

ከስም ቆጠራ ያለፈ ሰው ለማየት ከአርሲ ወደ ዓድዋ እንሂድ። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያ ወንዝ ዳር ሆኖ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። እንዶድ ያጥባል የሚለውንማ እናቶቻችን ሁሉ ያውቁ ነበር። እሱ ግን «ምን ያህሉ ይገድላል? ሌላውንስ ይጎዳል?» ብሎ ላቦራቶሪ ገባ። ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስቦ እያወዳደረ «44» የተባለውን መረጠ። በዓድዋ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ያም ሆኖ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የአፍሪካ ላቦራቶሪ ውጤት አላጠገባቸውም፤ የደኅንነት ምርመራው እንደገና እስኪሠራ ዓመታት አለፉ። ሁለቱ ሰዎች በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተሸለሙ።

ወደ ጭላሎ ልመልሳችሁ። የኮሶ እንጨት ቀይና ያማረ ስለሆነ ጣውላ ሆኖ አልቋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጥድ ጋር ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። የእርሻው ማሳ ግን ዳገቱን እየወጣ ነው። ዛፉን መልሶ መትከል ይቻላል። ስለ ዛፉ የሚያውቁት ሽማግሌ ግን አይተከሉም።

እናም አሰላ፣ በቆጂ ወይም ሳጉሬ ዘመድ ያላችሁ፣ ለበዓል ስትሄዱ አባባን ወይም አያትን «ሄቶ ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ አትጠይቁ። እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ይልቅ እንዲህ በሏቸው፦ ሴቴውን በምን ትለዩታላችሁ? በየትኛው ወር ትለቅማላችሁ? ስንት ጊዜ ከቆየ ይጣላል? ለማን ከለከላችሁ? ጠጥቶ የተጎዳ ሰው አይታችኋል? ምን አደረጋችሁለት? መልሱን በሰጡት ቋንቋ፣ ስማቸውንም ፈቃዳቸውንም ጨምራችሁ ጻፉት። መጨረሻ ላይ ያለችው ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ያልተሳካለትን የሚናገር አዋቂ ካገኛችሁ፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ።