የተኛችን መኪና አትቀስቅሷት

ለጥቂት ወራት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ባለመኪና ቁልፉን ለወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ ሲሰጥ የሚናገራት አንዲት ነገር አለች። «አደራ፣ በሳምንት አንዴ አስነስተህ አሙቃት!» አደራ ተቀባዩም ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፤ ቁልፉን ያዞራል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቆማ እንድታጉረመርም ያደርግና አጥፍቷት ይሄዳል። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ባለቤቱ ንብረቱ ተጠብቆለታል፤ ጠባቂውም አደራውን ተወጥቷል። ደስ የማይላት መኪናዋ ብቻ ናት።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቆማ በምትከርም መኪና ሞተር ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች አንዱ የሚመጣው ከመቆሟ ሳይሆን ከዚያች የአምስት ደቂቃ «ውለታ» ነው። የሰው ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ በመሃሉም የዓለም ጦርነት አልፏል። እኛም ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን ልናወጋችሁ ወደድን። የተጀመረው በረዶ በሚጥልበት አገር ነውና ወደዚያው እንሻገር። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጎተራ የሚከርሙ መኪኖች

ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በ1886 ባለሦስት እግር መኪናውን ሲያስመዘግብ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ሠሪዎችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ውሃ ርካሽ ነው፤ የትም ይገኛል፤ ሙቀት በመሸከምም የሚወዳደረው ጥቂት ነው። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው። ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሞተሩ የብረት ግድግዳዎች መካከል ያደረ ውሃ ሌሊቱን ከረጋ ቦታ ይጠበውና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ማታ በደህና የቆመች መኪና ጠዋት ሞተሯ ተሰንጥቆ ትገኛለች።

ስለዚህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች መኪና የሞቃት ወራት ዕቃ ነበረች። በረዶ መጣል ሲጀምር ባለቤቱ ወደ ጎተራ ወይም ወደ ፈረስ ጋጣ ያስገባታል። ከራዲያተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ከፍቶ ውሃውን ጠብታ ሳያስቀር ያፈሰዋል። ጎማዎቹ ክብደት ተሸክመው እንዳይከርሙ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ በእንጨት ጉማጅ ላይ ያሳርፋታል። ካንዴላዎቹን ይነቅልና በቀዳዳቸው ጥቂት ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ይጨምራል፤ ዘይቱ ግድግዳውን እንዲቀባውም ሞተሩን በእጁ ጥቂት ያዞረዋል። ባትሪውን ደግሞ ወራቱን ሙሉ ቻርጅ እያደረገ ለሚጠብቅለት ባትሪ ቤት ያስረክባል። ከዚያ በሩን ዘግቶ እስከ ጸደይ ድረስ ወደ ፈረሱ ይመለሳል።

ለነገሩ መንገዱም አይፈቅድለትም ነበር። በኒው ኢንግላንድ ገጠሮች በዚያን ጊዜ በረዶ አይጠረግም፤ ፈረሶች በሚጎትቱት ትልቅ የእንጨት ድምድማት ይደለደል ነበር እንጂ። የፈረስ መንሸራተቻ የሚፈልገው የተዳመጠ በረዶ ነውና። መኪኖቹም አብዛኞቹ ጎናቸው ክፍት ነበር። በ1919 በአሜሪካ ገበያ ላይ ከነበሩት አዳዲስ መኪኖች ጣሪያና መስኮት ያላቸው ዝግ መኪኖች 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ1927 ግን ድርሻቸው ወደ 85 በመቶ ደረሰ። በስምንት ዓመት ውስጥ መኪና ከመዝናኛነት ወጥታ የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሆነች፤ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳ ሰው ደግሞ ውሃው የማይረጋበትን ዘዴ ይፈልጋል።

ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። አልኮል ጨመሩ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ተነነ። ጨው አሟሙተው ጨመሩ፤ ብረቱን በላው። ግሊሰሪንና ማር ሳይቀር ራዲያተር ውስጥ ገብተዋል። በኒውዮርክ ግዛት ሲራኪዩስ ከተማ የነበረው የፍራንክሊን ኩባንያማ ውሃውን ከነጭራሹ ትቶ ከ1902 እስከ 1934 ድረስ በአየር የሚቀዘቅዙ መኪኖችን ሠራ። እልባት የመጣው በ1927 ነው፤ ኤትሊን ግላይኮል የተባለው ፈሳሽ ፕሬስቶን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። እንደ አልኮል ቶሎ አይተንም፤ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሲደባለቅ ደግሞ ከዜሮ በታች ከ30 ዲግሪ በላይ የሚወርድ ብርድ ይቋቋማል። ዛሬ አንቲፍሪዝ ወይም ኩላንት እያልን የምንገዛው በአብዛኛው የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የመጀመሪያው ውሃ፣ ማለትም ሰው በእጁ የሚጨምረው፣ በዚህ መልክ ተገራ። ሁለተኛው ግን ገና አልታወቀም ነበር ማለት ይቻላል።

ሞተሩ ራሱ የሚያመርተው ውሃ

ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ቤንዚን የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህድ ነው። ሲቃጠል ሃይድሮጅኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል። መጠኑም ቀላል አይደለም፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል! በብርዳማ ጠዋት ከማርሚታው ጫፍ የሚንጠባጠበውና እንደ ጉም የሚግተለተለው ነገር ይኸው ነው።

ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ውሃው በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ይፈጠራል። የሽሮ ድስት ክዳን ስታነሱ ከውስጥ በኩል የሚንጠባጠበውን ላብ አስቡ። እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። በሞተርም ውስጥ እንደዚሁ ነው። ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ኮፓ ይወርዳል። እዚያ ቀዝቃዛ ግድግዳ ያገኝና ጤዛ ይቋጥራል። ውሃውና ዘይቱ ተመትተው የነጣ፣ ማዮኔዝ የሚመስል ዝቃጭ ይሠራሉ። የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው። ውሃው ከቃጠሎ ትርፍራፊዎች ጋር ሲገናኝ ደግሞ አሲድ ይሆንና ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

አሁን ወደዚያች አምስት ደቂቃ እንመለስ። ሞተሩ ተነሣ፤ ቤንዚን አቃጠለ፤ ውሃ አመረተ። ውሃውን በትኖ ለማስወጣት የሚያስፈልገው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ጠፋ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሌላ ውሃ። ሦስት ወር ሲሞላ አሥራ ሁለት ጊዜ እርጥበት ተጨምሮበታል፤ አንድም ጊዜ አልደረቀም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ መሃል መድረሱም አያስተማምንም፤ እርሱ የሚናገረው ስለ ኩላንቱ ሙቀት ነው፤ ዘይቱ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው።

የድሮዎቹ ሞተሮች ይህን እንፋሎት የሚያስወጡት ወደ መሬት በተደፋ ተራ ቱቦ ነበር። ቱቦው የሚስበው መኪናዋ ስትሄድ በሚፈጠረው ነፋስ ስለነበር ቆማ ስትሠራ ብዙም አይረዳም። መፍትሔው ከ1961 ሞዴል ጀምሮ በካሊፎርኒያ መኪኖች ላይ በስፋት ተገጠመ፤ እንፋሎቱን ከኮፓው እየሳበ መልሶ ወደ ሞተሩ በመላክ እንዲቃጠል የሚያደርግ ትንሽ ቫልቭ ነው። የሚገርመው ግን ለሞተሩ ጤና ታስቦ አልነበረም፤ የሎስ አንጀለስን የተበከለ አየር ለማጥራት እንጂ። ሞተሮች በአጋጣሚ ዕድሜ አተረፉ። ያም ሆኖ ቫልቩ የቀዘቀዘን ብረት አያሞቅም።

ጦርነት ያቆማቸው

ሦስተኛው ውሃ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ይህን በሚገባ ያስተማረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።

በብሪታንያ ቤንዚን በ1939 በራሽን መታደል ጀመረ። በ1942 ደግሞ ለግል መኪና የሚሰጠው መሠረታዊ ድርሻ ጭራሹኑ ተቋረጠ። እስከ 1945 ድረስ ብዙ ባለመኪኖች የቤት መኪናቸውን በእንጨት ጉማጅ ላይ ሰቅለው፣ በዚያ እርጥብ በሆነ የእንግሊዝ አየር ውስጥ አከረሟት። አንድ ክረምት ሳይሆን ሦስት!

በስታሊንግራድ ግንባር የሆነው ደግሞ ለማመን ይከብዳል። የጀርመን 22ኛ ታንከኛ ክፍለ ጦር ነዳጅ ስላጠረው ታንኮቹን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ብርዱን እንዲከላከልላቸው ጭድ አለበሳቸው። ጭዱ የሜዳ አይጦችን ጠራ። በኅዳር 1942 ሶቪየቶች ታላቁን ማጥቃት ሲጀምሩ ታንኮቹ ይነሡ ተባለ፤ ብዙዎቹ እምቢ አሉ። አይጦቹ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ሽፋን በልተውት ነበር። የቆመ ተሽከርካሪ ጠላቱ ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በአሜሪካ በኩል ችግሩ ባሕር ነበር። ከፋብሪካ የወጣ የአውሮፕላን ሞተር ጨዋማና እርጥብ አየር እየጠጣ ለሳምንታት በመርከብ ይጓዛል፤ ሲደርስ ዝጎ መገኘት የለበትም። መድኃኒቱ ሲሊካ ጄል ሆነ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ዋልተር ፓትሪክ በ1919 የፈጠራ መብት ያገኘበት ቁስ ነው፤ አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምናገኛት የትንሿ ከረጢት ፍሬ። ሞተሩ ውስጡ በመከላከያ ዘይት ይቀባል፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይደፈናሉ፤ በካንዴላዎቹ ቦታም ሲሊካ ጄል የያዙ ብርሃን የሚያሳልፉ ቡሾች ይገባሉ። ደረቅ ሲሆን ሰማያዊ፣ እርጥበት ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል። መካኒኩ ሞተሩን ሳይከፍት በቀለሙ ብቻ ውስጡን ያውቃል።

ጦርነቱ ሲያልቅ የተረፉት አውሮፕላኖች የት ይቀመጡ? የአሜሪካ ጦር ሙቀት ሳይሆን ድርቀት ፈለገ። ከመረጣቸው ቦታዎች አንዱ በአሪዞና በረሃ፣ ቱሳን አጠገብ ያለው ዴቪስ ሞንታን ነው፤ ዝናቡ ትንሽ፣ አየሩ ደረቅ፣ መሬቱ ጠንካራ። ሂሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ የጣለችው ኢኖላ ጌይ ሳትቀር በ1946 እዚያ እንድትቀመጥ ተደርጋለች። ቦታው እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። በ2020 ኮሮና ዓለምን ሲዘጋም አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን የላኩት በስፔን ቴሩኤልንና በአውስትራሊያ አሊስ ስፕሪንግስን ወደመሳሰሉ ደረቅ ቦታዎች ነበር።

የአውሮፕላን ሞተር ሠሪው ላይኮሚንግ ለደንበኞቹ የሚሰጠው ምክርም ከዚሁ የሚነሣ ነው። አውሮፕላኑን መሬት ላይ ለአጭር ጊዜ አስነሥቶ ማጥፋት በረራን አይተካም፤ እንዲያውም ዝገቱን ያባብሰዋል ይላል። የቅዳሜ ጠዋቷ አምስት ደቂቃ መልስ ይኸው ነው።

የእነርሱ ክረምት፣ የእኛ ክረምት

ክረምት ስንል ለእኛ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ነው። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ለሚኖር ወገናችን ግን ያው ቃል በረዶ ሆኗል። ሞተር ሁለቱን ብዙም አይለያቸውም። በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ አየር እርጥበት የጠገበ ነው፤ ቀኑ ጥቂት ይሞቃል፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በመሃሉ ብረት ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ሊያከብር የሚመጣ ዳያስፖራ ደግሞ መኪናውን በበረዶ ወራት መሃል ትቷት ነው የሚመጣው።

ታሪኩ ለሁለቱም የሚነግረው ተመሳሳይ ነው። ከማቆማችሁ በፊት ዘይቱን ቀይሩ፤ አሮጌው ውስጥ ያለው አሲድ ወራቱን ሙሉ ከብረቱ ጋር አይተኛ። ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ ረጅም መንገድ ነድታችሁ ሞተሩን በደንብ አሙቁትና አቁሙት። ታንከሩን ሙሉት፤ ባዶ ቦታ እርጥብ አየር የሚይዝ ቦታ ነው። በረዶ ባለበት አገር ኩላንቱ ለብርዱ የሚበቃ መሆኑን አስለኩ። ባትሪውን ንቀሉት ወይም በዝግታ ከሚሞላ ቻርጀር ጋር አገናኙት፤ የሞተ ባትሪ በቀላሉ ይረጋል፤ የሞላ ግን ከባድ ብርድ ይችላል። ጎማውን ንፉት። አየር በማያስገባ ላስቲክ አትጠቅልሏት፤ ላቧን ይዞባት ይከርማል። አይጥንም አትርሱ።

አደራ የተቀበለ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ምርጫ ይኑረው። ወይ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መንገድ ላይ ይንዳት፤ ወይ ጨርሶ አይንካት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥቶ መቆምማ ከሞተሩ አልፎ ሰው ይገድላል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም።

ጀርመኖች ነገሩን በሕግ አቅልለውታል። ከ1997 ጀምሮ የሚነዱበት ወር የተጻፈበት ወቅታዊ ሰሌዳ አላቸው፤ መኪናዋ በተኛችባቸው ወራት ግብርና ኢንሹራንስ አይከፈልባትም።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ ሞተር ቤንዚን አያቃጥልምና ሁለተኛውን ውሃ አያመርትም። የነዳጅ መኪኖቻችን ግን ገና ብዙ ክረምት አብረውን ይከርማሉ፤ መለዋወጫቸውም ከዓመት ዓመት እየተወደደ ነው። ቁልፍ ስትሰጡ አደራውን አስተካክላችሁ ስጡ።

መልካም ክረምት!