ከለገሃር እስከ ጅቡቲ

በተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያደገ ሰው ወደ ለገሃር የሚያወርደውን መንገድ ያውቀዋል። ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጓሜው ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ በር ተሳፋሪ አይገባም፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ከወዳጅ ዘመዱ የሚሰናበተው በዚህ ሥፍራ ነበረ።

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ የመሥራት ፈቃድ የስዊስ ተወላጅ ለሆኑት መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ. ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ተራራውን መውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነም ሐዲዱ ከዚያው ቀርቶ የድሬዳዋ ከተማ በዚህ ምክንያት ተቈረቈረች። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ለዓመታት ወደ ፊት ፈቀቅ አላለም። ለዚህ መዘግየት በረሃውን የሚከሱ አሉ፤ እኔ ግን ጥፋቱ ይበልጥ የሰው ይመስለኛል። የኩባንያው ገንዘብ ዐለቀ፤ የፈረንሳይ መንግሥት በርዳታ ስም እጁን ሲያስገባ ምኒልክ አልወደዱትም፤ እንግሊዝም ተቃወመች። በ1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ እኛን ሳያማክሩ ስለ አገራችን ሲዋዋሉ የባቡሩ ነገር አንዱ ዋና ጉዳይ ነበረ። በመጨረሻም በሌላ ኩባንያ እጅ ሐዲዱ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ግን በ1906 ዐርፈው ነበርና አላዩትም።

መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀድሞው ጊዜ ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንድ ሌሊት በአዋሽ፣ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ከባሕሩ ይደርሳል። ይህም ሲቃናለት ነው። ደራሽ ውሃ ከሐዲዱ ሥር አፈሩን ጠርጎ የወሰደ እንደ ሆነ ተሳፋሪው በረሃ ላይ ተቀምጦ ጥገናውን ከመጠበቅ በቀር ምን ያደርጋል? ዳሩ ግን የሚያየው አያጣም። ከደጋው ተነሥቶ ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርድ ብርዱ ይቀራል። በመተሐራ የፈንታሌ ተራራና ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቍር ድንጋይ፣ አጠገቡም የበሰቃ ሐይቅ ይታያል። ይህ ለዓይን ያማረ ሐይቅ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሐዲዱን ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። ቀጥሎ የአዋሽ ገደልና ድልድዩ፣ ከዚያም ግራር፣ አሸዋና ግመል ነው።

ራስ ተፈሪ መኰንን በሚያዝያ 1916 ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ኤውሮፓ የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በዚያው ሐዲድ ለስደት ወረዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

በ1969 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። በጥር 1977 በአዋሽ አጠገብ የሆነው ግን ከሁሉ ይከፋል፤ ባቡሩ ጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ገባና ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዕድሜ ልኩን በዝግታው ሲወቀስ የኖረ ባቡር ያን ያህል ሕዝብ የጨረሰው በፈጠነበት ቀን ነው።

ከ2000 ዓ. ም. ወዲህ ባለው ጊዜ የለገሃር ጕዞ ቀረ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ መነሻው ከከተማው ዳር፣ በፉሪ ለቡ ሆነ። በ1922 የተመረቀው የለገሃር ሕንፃ ከነአንበሳው ሐውልት ባለበት ቆሞአል፤ ከተክለ ሃይማኖት ሻንጣውን ይዞ የሚወርድ መንገደኛም በአጠገቡ አልፎት ይሄዳል።