ከሻንሲው ሥር

ግራሶ የጠገበ ቱታ ለብሶ፣ ጆንያ አንጥፎ፣ በጀርባው ከጭነት መኪና ሥር የሚገባ ወጣት በኢትዮጵያ አውራ ጎዳናዎች ዳር የተለመደ ነው። ሾፌሩ ሻይ ሲጠጣ እሱ ብሎን ይነካካል። ረዳት ይሉታል። ስለ ሀገሪቱ መንገዶች ብዙ ተጽፏል፤ መኪናዎቹን በእነዚያ መንገዶች ላይ ያቆየው የረዳቱ ሙያ ግን ተዘንግቷል።

መንገዶቹ ከመጀመሪያው ለመኪና አስቸጋሪ ነበሩ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1,600 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማበር ተራራ ላይ ተገታ። ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰውት ነበር፤ ዝናቡም ጭቃውን አባባሰው። መኪኖቹ በወታደር ትከሻ እየተገፉ ነው ዳገቱን የወጡት። ወራሪው በኋላ ተራራውን ሸንቁሮ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ሠራ፤ በሊማሊሞም ገደሉን እየጠመዘዘ መንገድ አወጣ።

ጣሊያን ሲባረር መንገዶቹ ጠባቂ አጡ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እስኪቋቋም፣ ማለትም እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ፣ ብዙው ተቦርቡሮ ነበር። ከዋናው መስመር ወጣ ያለ ነጋዴ ደግሞ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ መኪናው በወንዝ አሸዋና በጥቁር አፈር ማሳ መካከል ይሄዳል።

ኤንትሬ የምትባለው የፊያት 682 የጭነት መኪና ስሟ የገነነው በዚህ ዓይነቱ መንገድ ላይ ነው። ፊያት 682 በ1940ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ ውላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመርታለች፤ በአፍሪካ የጭነት ሥራም ስመ ጥር ነበረች። ጠንካራ ናት። ጥንካሬዋ ግን ሥሯን የሚያይላት ሰው እስካለ ድረስ ነው።

ረዳቱ መኪናው ሲቆም መጀመሪያ ጎማው ሥር ታኮ ይወትፋል። ከዚያ ጭቃውን ይፍቃል፤ የተሰበረ የባሌስትራ (የተነባበረው የብረት ሞላ) ቅጠል ጭቃ ውስጥ ይደበቃልና። አዲስ ስብራት ያብረቀርቃል፣ የቆየው ዝጓል። የላላ ብሎን ዙሪያውን ቀይ የዝገት ዱቄት ያወጣል። ባሌስትራውን መሃል ለመሃል የያዘው ብሎን ከተቆረጠ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተትና መኪናው ወደ ጎን እየጎተተ ይሄዳል። ዲፈረንሻሉ ላይ አቧራው በዘይት ረጥቦ ከታየ ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ። ከዚያ የፍሬን ቱቦዎቹን በጣቱ ይዳስሳል፤ ማርሚታውን ይነቀንቃል። በመንታዎቹ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረውን ድንጋይም ያወጣል፤ ካልወጣ ሁለቱንም ጎማ ይበላል። መጨረሻ ላይ ጎማዎቹን በዱላ ይመታል፤ ነፋስ የጎደለው የታፈነ ድምፅ ያሰማል።

ይህን ሁሉ ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም። ሾፌሩ ራሱ በረዳትነት ዓመታት አሳልፎ ነው መሪ የጨበጠው፤ ያየውን ለተከታዩ ያሳያል። ቁልፍ ማቀበልና ክሪክ መግጠም የጀመረ ልጅ ቀስ በቀስ የመኪናውን ድምፅ መለየት ይለምዳል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የዚህ ሙያ ዋጋ ጎልቶ ታየ። እርዳታው በመርከብ አሰብ ወደብ ይደርስ ነበር፤ የተራቡት ግን በወሎና በትግራይ ደጋዎች ነበሩ። በመካከሉ የአፋር በረሃ ጥቁር ድንጋይና ሙቀት፣ ቀጥሎም ወደ ኮምቦልቻ የሚያወጣው አቀበት አለ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የራሱን የጭነት ማመላለሻ ክፍል ያቋቋመው የመኪና እጥረቱ እህሉን ወደብ ላይ ስላስቀረው ነው። በረሃ ላይ አንድ ባሌስትራ ተሰብሮ የቆመ መኪና የአንድ ቀበሌ ራሽን ይዞ ይቆማል። ስብራቱን ቀድሞ ያየ ረዳት የሰው ነፍስ አትርፏል፤ ይህ ማጋነን አይደለም።

ዛሬ አዳዲስ ከባድ መኪናዎች ጉድለታቸውን በዳሽቦርድ መብራት ይናገራሉ፤ የተሰነጠቀ ባሌስትራ ግን መብራት አያበራም። በኤንትሬ ዘመን ረዳት የነበሩት አርጅተዋል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እነዚህን ሰዎች ክፍል ድረስ ጋብዘው የሚያውቁትን ሊቀዱና ሊያስተምሩበት ይገባል። አባቱ ወይም አጎቱ በዚያ ሥራ ያለፈ አንባቢም ዛሬውኑ ይጠይቃቸው፣ ይጻፈው።